ኮምፒውተሩ ጎዳና ወጣ፤ ዘበኛው ግን ቢሮ ቀረ

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው የያዝኩት። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ያዙና አንብቡ፤ የቸኮላችሁ ደግሞ አስቀምጡትና ማታ ተመለሱበት።

ኔትወርክ ካስተማርኳችሁ ልጆች ብዙዎቻችሁ ዛሬ ባንክ፣ ቴሌኮምና ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ናችሁ። በቅርቡ ከእናንተው አንዱ "መምህር፣ ይሄ ፎግ ኮምፒውቲንግ የሚሉት ነገር ከክላውድ በምን ይለያል? ለከተማ የሚሆን ነው? ደህንነቱስ?" ብሎ ጻፈልኝ። ለእሱ አጠር አድርጌ መለስኩለት። ረጅሙ መልስ ግን ታሪክ ነው፤ ታሪክ ደግሞ ለሁላችንም ይሆናል። (ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሙ እንጀምር። ክላውድ ማለት ደመና ነው። ፎቷችሁና ኢሜይላችሁ የሚቀመጡት ራቅ ባለ ቦታ በቆመ ግዙፍ የዳታ ማዕከል ነው፤ የት እንዳለ አታውቁም፣ ማወቅም አያስፈልጋችሁም። ፎግ ደግሞ ጉም ነው። ጉም ምንድን ነው? መሬት የነካ ደመና። ነገሩም እንደ ስሙ ነው፤ ሩቅ የነበረውን ስሌት ካሜራው፣ ሴንሰሩና የትራፊክ መብራቱ ወዳሉበት ወደ መሬት ማውረድ ማለት ነው።

ለምን ይወርዳል? ምክንያቱ ቀላል ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ያለ ካሜራ አምቡላንስ ሲመጣ አይቶ መብራቱን ለመቀየር ምስሉን ባሕር ማዶ ልኮ መልስ መጠበቅ የለበትም። መስመር ቢቋረጥም መብራቱ መሥራት አለበት። በዚያ ላይ ሺህ ካሜራዎች ቀን ከሌት የሚቀርጹትን ሁሉ ወደ ማዕከል መላክ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ምሰሶው ላይ ወይም መንገድ ዳር ባለ የብረት ሳጥን ውስጥ አነስተኛ ኮምፒውተር ይቀመጣል። እዚያው ያያል፣ እዚያው ይወስናል፣ ለማዕከሉ ፍሬ ነገሩን ብቻ ይልካል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኔም ተቃዋሚ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር አስቡ። የዳታ ማዕከሉ አጥር አለው፣ ዘበኛ አለው፣ በጣት አሻራ የሚከፈት በር አለው። መንገድ ዳር የቆመው ሳጥን ያለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ለሁሉም ሳጥኖች አንድ ዓይነት። ባለፉት 60 ዓመታት ኮምፒውተር ቦታ በቀየረ ቁጥር ዕቃው ቀድሞ ይሄዳል፣ ጥበቃው ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በመሐል ያለው ጊዜ ነው ሰው የሚጎዳበት። የዛሬው ጨዋታዬ ይኸው ነው።

አንድ ክፍል፣ አንድ በር

መጀመሪያ ላይ ኮምፒውተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ ማሽን ነበር። ጥበቃው የክፍሉ በር ነው፤ በሩን ካለፍክ አለፍክ። ነገሩ የተቀየረው በ1961 ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ ፕሮፌሰር ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቻቸው አንድን ማሽን ብዙ ሰው በየራሱ ተርሚናል በአንድ ጊዜ እንዲጠቀምበት የሚያስችል ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት አሳዩ። ብዙ ሰው አንድ ማሽን ከተጋራ የማን ፋይል የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በዚያ ሰበብ ዛሬ ሁላችንንም የሚያማርረን የይለፍ ቃል ኮምፒውተር ላይ መጣ።

ብዙም ሳይቆይ ተሰረቀ! በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ ለጥናቱ የተፈቀደለት የማሽን ሰዓት አልበቃው አለ። የይለፍ ቃሎች የተቀመጡበትን ፋይል እንዲያትምለት ማሽኑን በፓንች ካርድ ጠየቀ። ማሽኑም አተመለት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ታሪኩን በራሱ አንደበት ተናግሯል። እንግዲህ አንድ ክፍልና አንድ በር ብቻ በነበረበት ዘመን እንኳ ጥበቃው ከውስጥ ሰው አላመለጠም።

ማሽኑን አትመኑ

ሁለተኛው ምዕራፍም እዚያው ኤምአይቲ ነው። በ1983 ፕሮጀክት አቴና የተባለ ሥራ ተጀመረ፤ ኮምፒውተሮች ከማዕከሉ ወጥተው በየግቢው፣ በየተማሪው እጅ ሊበተኑ ሆነ። መሐንዲሶቹን የገጠማቸው ጥያቄ ከዛሬው የፎግ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ማንም መጥቶ የሚቀመጥበትን፣ ማንም ሊከፍተውና ሊነካካው የሚችለውን ማሽን እንዴት እናምናለን?

መልሳቸው ግሩም ነበር፤ አናምነውም አሉ። ከርቤሮስ የሚባለውን ሥርዓት ሠሩ። ስሙ የመጣው በግሪኮች ተረት የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ባለ 3 ራስ ውሻ ነው። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚያምነው አንድ አገልጋይ ይቀመጣል። ተጠቃሚው ማንነቱን ለእሱ ያስመሰክርና ለተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚሠራ ትኬት ይቀበላል። የይለፍ ቃሉ በመስመር ላይ አይጓዝም። ግቢው ውስጥ ያለው ማሽን ቢነካ እንኳ ጉዳቱ እዚያው ላይ ይቆማል። ማለትም ኮምፒውተሩን ሜዳ ላይ ስታወጣው፣ ሜዳ ላይ መሆኑን አምነህ ሥራ ነው ነገሩ።

ይህ ትምህርት ከ40 ዓመት በፊት ነበረ። የቢሮ ኔትወርክ የሚሠሩት ሰዎች ተማሩት። የከተማ ቧንቧ፣ መብራትና ፓምፕ የሚሠሩት ግን ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሙያ ነበሩ። እነሱ ዘንድ አልደረሰም።

"እኔ ጣቢያ 14 ነኝ"

አሁን ወደ አውስትራሊያ እንሂድ፤ ኩዊንስላንድ ውስጥ ማሩቺ የተባለ አስተዳደር። ዓመቱ 2000 ነው። ፎግ የሚለው ቃል ገና አልተፈጠረም፤ ነገርዬው ግን ነበር። አስተዳደሩ 142 የፍሳሽ ማስተላለፊያ ፓምፕ ጣቢያዎች ነበሩት። በየጣቢያው ፓምፑን የሚያስነሳና የሚያቆም፣ ችግር ሲኖር ለማዕከል ማስጠንቀቂያ የሚልክ የራሱ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። እርስ በርስም ሆነ ከማዕከሉ ጋር የሚነጋገሩት በሬዲዮ ነው።

ከዚያ ነገር መበላሸት ጀመረ። ፓምፖች መነሣት ሲገባቸው አይነሡም፣ ማስጠንቀቂያ ለማዕከሉ አይደርስም፣ ግንኙነት ይጠፋል። መጀመሪያ ሁሉም የዕቃ ብልሽት ነው ብሎ ፈተሸ፣ ፕሮግራሙን እንደገና ጫነ። አልቆመም። በመጨረሻ አንድ መሐንዲስ መልእክቶቹን ቁጭ ብሎ ሲከታተል የሚያስቸግረው ትእዛዝ ከጣቢያ 14 እንደሚመጣ አየ። ጣቢያው ሄዶ ቢመረምር ምንም የለም። ምን አደረገ መሰላችሁ? የእውነተኛውን ጣቢያ መለያ ቁጥር ከ14 ወደ 3 ቀየረው። ከዚያ በኋላ "እኔ 14 ነኝ" የሚል መልእክት ሲመጣ ውሸታሙ ታወቀ።

ውሸታሙ ሥርዓቱን በተከለው ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ባለሙያ ነው። ሥራውን ለቆ በአስተዳደሩ ለመቀጠር ጠይቆ አልተቀበሉትም ነበር። በሚያዝያ 2000 ፖሊስ መኪናውን ሲያስቆም ላፕቶፕ፣ ሬዲዮና ከጣቢያዎቹ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ መቆጣጠሪያ ተገኘ። ፍርድ ቤት 2 ዓመት እስር ፈረደበት። እስከዚያ ድረስ ግን 800,000 ሊትር ያህል ያልታከመ ፍሳሽ በመናፈሻ፣ በወንዝና በአንድ ሆቴል ግቢ ፈሷል። የውኃ ውስጥ እንስሳት ሞተዋል፣ የወንዙ ውኃ ጠቁሯል፣ ሽታው ነዋሪውን አስመርሯል።

ይህን ታሪክ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ የማነሣው ምንም ረቂቅ ነገር ስለሌለው ነው። ሰውዬው ምንም ተአምር አልሠራም፤ "እኔ ጣቢያ 14 ነኝ" አለ፣ አመኑት። በየጣቢያው ኮምፒውተር አስቀምጠው ኮምፒውተሩ "ለመሆኑ ማን ነህ?" ብሎ እንዲጠይቅ ግን አላስተማሩትም።

ስሙ ሲወጣለት

በ2012 የሲስኮ ኩባንያ ተመራማሪው ፍላቪዮ ቦኖሚና ባልደረቦቻቸው ባቀረቡት አጭር ጽሑፍ "ፎግ ኮምፒውቲንግ" የሚለው አባባል ታወቀ። ምሳሌዎቻቸው እርስ በርስ የሚነጋገሩ መኪናዎች፣ ራሱን የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ መረብና የሴንሰር ኔትወርኮች ነበሩ። ብዙ ከተሞችም "ስማርት" የሚለውን ማዕረግ ለመጎናጸፍ ተሽቀዳደሙ።

የጥበቃው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። በ2014 ኢቫን ስቶይሜኖቪችና ሼንግ ዌን በፎጉ መካከል የቆመ መሣሪያ በክፉ ሰው እጅ ቢወድቅ ምን ይሆናል ብለው ሞከሩ። ያገኙት ነገር ያስደነግጣል። የተያዘው መሣሪያ መሐል ቆሞ የሌሎችን ወሬ ሲሰማ ከወትሮው ብዙም የተለየ ጉልበትና ሜሞሪ አይጠቀምም፤ ስለዚህ "ጤናው" እየታየ ሊደረስበት ያስቸግራል። ጉም ውስጥ የቆመ ሌባ ነው በሉት።

በዚያው ዓመት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ የመንገድ ባለሥልጣን ፈቃድ ወስደው ወደ 100 የሚጠጉ በሬዲዮ የተያያዙ የትራፊክ መብራቶችን ፈተሹ። ሬዲዮው ምስጠራ የለውም። የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ የመጣው ነው፤ ያውም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። መብራቱን የሚያዘው ሳጥን ለፍተሻ ተብሎ የተተወ በር ክፍት ነበር። አንዱ አምራች ጉዳዩ ሲነገረው የሰጠው መልስ፣ የኢንዱስትሪውን ደረጃ እንደተከተለና ደረጃው ራሱ ጥበቃን እንደማይጨምር የሚገልጽ ነበር። እንግዲህ ፍረዱ!

ሆኖም ተመራማሪዎቹ አንድ ደስ የሚል ነገርም አገኙ። በየሳጥኑ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ተለይቶ የሚሠራ የቆየ የኤሌክትሮኒክስ መከላከያ አለ። ኮምፒውተሩ ምንም ቢል፣ የሚጋጩ መንገዶች በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ከበራላቸው ይህ ዕቃ ሁሉንም ወደ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ይመልሰዋል። ባለሙያ በአካል ሄዶ እስኪያስተካክለውም እንደዚያው ይቆያል። ስለዚህ ወራሪው ከተማውን በመኪና መጨናነቅ ሊያስለቅስ ይችላል፤ መኪና ከመኪና እንዲጋጭ ሁለቱንም አረንጓዴ ማብራት ግን አይችልም። ስለ ኢንተርኔት ምንም ሳያስቡ የድሮ መሐንዲሶች ያስቀመጡት መከላከያ አዲሱን ዘመን አዳነ። ምስጢሩ ማዕከሉንም ጎረቤቱን ኮምፒውተርም አለማመኑ ነው። ዘበኛው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ጅብ ከሄደ...

በኅዳር 2015 አርም፣ ሲስኮ፣ ዴል፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ኦፕንፎግ የተባለ ማኅበር መሠረቱ፤ ለፎግ የጋራ ደንብ ለማውጣት። ደንቡ ሳይደርስ ግን ዓለም በ2016 ሚራይን አየች። ሚራይ ኢንተርኔት ላይ የተጣዱ የጥበቃ ካሜራዎችን፣ የቪዲዮ መቅረጫዎችንና ራውተሮችን እየፈለገ የሚወርር ፕሮግራም ነበር። የሚሞክረው 60 ገደማ የሚሆኑ ከፋብሪካ የመጡ የስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን ብቻ ነው። ያ በቃው። ጥቅምት 21 ቀን 2016 በሚራይ የተያዙ ዕቃዎች ዳይን የተባለውን የኢንተርኔት አድራሻ አገልግሎት ሰጪ አጥለቀለቁት፤ ትዊተር፣ ኔትፍሊክስና ሌሎችም ለሰዓታት ለብዙ ሰው ጠፉ። ሚራይን የጻፉት 3 አሜሪካውያን ወጣቶች በ2017 ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋታቸውን አመኑ።

እዚህ ላይ አስተውሉ። በማሩቺ የተጎዳችው ባለቤቷ ከተማ ናት። በሚራይ ጊዜ ግን ካሜራው የተተከለበት ሰው ምንም አልሆነም፤ ካሜራው መቅረጹን ቀጥሏል። የተጎዳው ሌላ አገር ያለ ሌላ ሰው ነው። ለዚህ ነው "የእኛ ከተማ ምን አላት ብሎ ነው ማን የሚያጠቃን?" የሚለው ክርክር የማያስኬደው። ሌባው የሚፈልገው የእናንተን ምስጢር ላይሆን ይችላል፤ የእናንተን ሳጥን እንደ ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ሰው ላይ መወርወርም ይፈልጋል።

የኦፕንፎግ ማዕቀፍ በ2018 አይትሪፕልኢ 1934 ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ከቆመባቸው 8 ምሰሶዎች የመጀመሪያው ጥበቃ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን እምነቱን ከራሱ ሃርድዌር ይጀምር፣ ሲነሣ የሚጭነው ሶፍትዌር ያልተነካ መሆኑን ያረጋግጥ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር ማንነቱን ያስመስክር የሚል ነው ባጭሩ። መልካም ነው። ግን የአቴና ሰዎች ማሽኑን አትመኑ ካሉ 30 ዓመት አልፎታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የምንለው ይኸንን ነው።

ከሌባው ብቻ?

እስካሁን ያወራነው ስለ ወራሪ ነው። ሌላም ጥያቄ አለ፤ ሳጥኑን የሚጠብቀውንስ ማን ይጠብቀዋል?

የፎግ ደጋፊዎች ትልቁ መከራከሪያ ምስሉ እዚያው ስለሚቀር የሰው ገመና ይጠበቃል የሚል ነው። ሁለት ከተሞችን እንይ። ቺካጎ በ2016 በመብራት ምሰሶዎች ላይ የሴንሰር ሳጥኖች መትከል ስትጀምር አስቀድማ የግላዊነት ፖሊሲ ረቂቅ አውጥታ ነዋሪውን አስተያየት ጠየቀች። የታቀደው ካሜራው ያየውን እዚያው ቆጥሮ ቁጥሩን እንዲልክ፣ ለማስተካከያ ከሚቀሩ ጥቂት ናሙናዎች በስተቀር ምስሉን እንዲሰርዝ ነው። ሳንዲዬጎም በ2016 ስማርት የመንገድ መብራት አጸደቀች፤ ካሜራ ያላቸው 3,200 ያህል ሆኑ። ለሕዝቡ የተነገረው ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባና ስለ ትራፊክ ቆጠራ ነው። ምስሉም ምሰሶው ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ 5 ቀን ቆይቶ ይጠፋል፤ በቃ፣ "እዚያው ቀረ"። ከ2018 ጀምሮ ግን ፖሊስ ለምርመራ እየቀዳ ይወስድ ጀመር። ብዙው ነዋሪ የሰማው በ2019 ነው። ቁጣው በረታና በመስከረም 2020 ከንቲባው ካሜራዎቹ እንዲጠፉ አዘዙ።

ወንጀለኛ መያዙ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። በሁለቱም ከተሞች ኮምፒውተሩ ምሰሶ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ሕጉ ከዕቃው በፊት መምጣቱና አለመምጣቱ ላይ ነው። ዕቃው ብቻውን ገመና አይጠብቅም።

ወደ እኛ

አሁን አዲስ አበባን እዩ። በኮሪደር ልማቱ መንገዱ ሲሰፋ ምሰሶውም፣ ካሜራውም፣ መብራቱም በዝቷል። መስመር በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ እዚያው አይቶ እዚያው የሚወስን ኮምፒውተር ከማንም በላይ ለእኛ ይጠቅማል፤ ስለዚህ ዛሬ ባይሆን ነገ በሰፊው ይመጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ቁጥር 1321/2016 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል። ሕግ አለን፤ ሕጉ ምሰሶው ድረስ እንዲደርስ የሚያደርጉት ግን እናንተ ናችሁ። የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁት፣ ርክክብ ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁና።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ከዚህ ታሪክ የወጡ 5 ጥያቄዎችን ጠይቁልኝ። ሳጥኑ "ማን ነህ?" ብሎ ይጠይቃል ወይስ እንደ ማሩቺ የተባለውን ያምናል? የፋብሪካው የይለፍ ቃል ተቀይሯል? እያንዳንዱ ሳጥንስ የራሱ ቁልፍ አለው ወይስ አንዱ የተያዘ ዕለት ሁሉም ይያዛል? ኮምፒውተሩ ቢያብድ እንደ ሚሺጋኑ መከላከያ "አይሆንም" የሚለው የተለየ ዕቃ አለ? ውሉ ሲያልቅና ኩባንያው ሲሄድ ሶፍትዌሩን የሚያድሰው ማን ነው? የሠራተኞቹስ መግቢያ በዚያው ቀን ይዘጋል? ምስሉ ስንት ቀን ይቆያል፣ ማን በማን ፈቃድ ያወጣዋል፣ ሕዝቡስ ያውቃል?

የእነዚህ መልስ "በኋላ እናስተካክለዋለን" ከሆነ አትፈርሙ። ምሰሶ ከተተከለ በኋላ ማስተካከል ማለት ሺህ ምሰሶ ላይ በመሰላል መውጣት ማለት ነው፤ ያንን በጀት ደግሞ ማንም አይሰጣችሁም። ጥበቃው በጨረታው ሰነድ ውስጥ ካልገባ ከተማው ላይ የምናደርገው ቁጥጥር ሁሉ ጉም መዝገን ነው የሚሆነው።

እንዲህ ዓይነት ሳጥን የምትተክሉ፣ የምትጠግኑ ወይም የምትገዙ ካላችሁ የምታዩትን ከታች ጻፉልን፤ የመሥሪያ ቤት ስም ግን አትጥሩ፣ ሰው እንዳንጎዳ። ለማዘጋጃ ቤት ጓደኞቻችሁም አጋሩላቸው።

ቸር ሰንብቱልኝ።